ስፒል የጎረሰ ድምፅ

ፊቱ የፊሽካ፣ ጥያቄው የማናውቀው ሰው፣ ድምፁ የእኔ። ሥራችን በአጭሩ ይሄ ነበር።

ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ከክትባት መስጫው ጀርባ፣ የወጣቶች ክፍል የሚባል ጠባብ ቤት አለ። የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አንድ ስልክ ይቀመጣል፤ ቁጥሩ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ተለጥፏል። ሐኪም ፊት ተቀምጦ ለመናገር ሐፍረት የሚያንቀው ወጣት ሁሉ፣ ስሙን ሳይጠራ ጥያቄውን በድምፁ ቀርጾ ይልክልናል። ስልኩን የምንከፍተው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እኔና ሲስተር። ሲስተር የክፍሉ ነርስ ናቸው። እኔ ጥያቄውን ሰምቼ በራሴ አፍ ደግሜ እቀርጸዋለሁ፤ ሲስተር መልሱን ይጨምሩበታል፤ ፊሽካ ደግሞ ካሜራ ፊት ቆሞ፣ በእኔ ድምፅ ላይ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይተውነዋል። የጠየቀችው ሴት ከሆነች ሻርፕ ይከናነባል፤ ወንድ ከሆነ ኮፍያውን ወደ ኋላ ያዞራል። ቪዲዮው ሲጀምር ሁልጊዜ አንዴ ያፏጫል። ስሙም ከዚያ መጣ።

እኔን በቀቀን ይሉኛል፤ የሰማሁትን ድምፅ ሁሉ ስለምመልስ። ልጅ ሆኜ ብቻዬን ነበር የምውለው። የሚያጫውተኝ ሰው ሳጣ ከሰው ድምፅ ጋር እጫወት ነበር፦ ከጎረቤታችን ሳል፣ ከርዕሰ መምህሩ ቁጣ፣ ዘይት ካጣ የግቢ በር ጋር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ሰዉ ሁሉ «ይሄ ልጅ ምን ይሆናል?» አለ። ለካ ድምፅ እሆን ኖሯል።

ጥያቄውን በሌላ አፍ የማውጣቱን ደንብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሲስተር ያሰቡት የጠያቂውን ድምፅ በኮምፒውተር አቅጥኖ መልቀቅ ነበር። የራሳቸውን ድምፅ ቀዳሁና የጫጩት አስመሰልኩት። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ቀጥዬ መልሼ አወፈርኩት፤ ራሳቸው ሆነው ወጡ። ሳቃቸው ቆመ።

«የቀጠነ ድምፅ ጠባብ ልብስ የለበሰ ሰው ማለት ነው» አልኳቸው። «ሲያወልቁለት ያው ሰውዬው ነው።»

ሲስተር ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው ስሙ ልጆች» አሉ። «ሰው ምስጢሩን እንጂ ድምፁን አላዋሰንም። ጥያቄው በሌላ አፍ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ይጠፋል። አለቀ።»

ፊሽካ በሩ ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሁሉንም አይቷል፣ ሁሉንም ሰምቷል። «ጠባብ ልብስ!» ብሎ አብሮን ስቋል።

ሥራው ሳቅ አያጣም ነበር። ቪዲዮ የምንለጥፍባቸው ገጾች አንዳንድ ቃል ሲሰሙ ቪዲዮውን ከሰው ዓይን ይሰውሩታል። ስለዚህ ኮንዶምን «ካልሲ» ብለን ጠራነው። «ያለ ካልሲ ጫማ አይደረግም» የሚለው የፊሽካ ቪዲዮ ከተማውን ባዳረሰ ማግስት፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን እየመቱ መጡና፣ «እዚህ ካልሲ በነጻ ይታደላል አሉ፤ እኔ ደግሞ እግሬን ይበርደኛል» አሉ። ሲስተር ጎንበስ ብለው በጨዋ ቋንቋ አስረዷቸው። ሽማግሌው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲህ ከመጣሁ አይቀር ስጡኝ» አሉ። ፊሽካ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔም ግድግዳ ይዤ ሳቅሁ። ጓደኛ ኖሮኝ አያውቅም ነበርና፣ አብሮ የሳቀ ሁሉ ጓደኛ ይመስለኝ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ለእንደ እኔ ዓይነቱ ነው።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የእታለም የስፌት ሱቅ ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ እንተኛለን። እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ ወላጆቻችን ካረፉ ወዲህ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችኝ። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ሜትሯ ከአንገቷ፣ ስፒሎቿ ከከንፈሯ አይለዩም። ልብስ ስትለካ ስፒል ትነክሳለች፤ ያ የሁሉም ሰፊ ወግ ነው። እታለም ግን ልብስ ሳይኖርም ትነክሳለች። ከባድ ነገር ልትናገር ስትል መጀመሪያ እጇ የሚሄደው ወደ ስፒል ቆርቆሮዋ ነው። የቤት ኪራይ ሲጨመርብን የነገረችኝ ስፒል ነክሳ ነው። የአባታችንንም ሞት እንዲሁ። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ እንዳላይባት ይመስለኛል።

ስፒል የነከሰ ሰው አፉን መክፈት ስለማይችል «አ» የምትለው ሁሉ «እ» ይሆንባታል። «ና» ስትለኝ «ን» ነው የሚሰማው። «ባል» ስትል ደግሞ «ብል»። አናጢው ላግባሽ ካላት ወዲህ ይቺ ቃል የሰፈሩ ጨዋታ ሆነች።

«ለመሆኑ ብሌ ደህና ነው?» ትላታለች አንዷ ደንበኛ፣ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ እየተለካች።

«ደህና ነው ብሌ።»

«ልብስ ሰፊ ሆነሽ ብል ታገቢ? ቁም ሣጥኑን ሙሉ ይበላብሻል እኮ!»

«የኔስ የዓይን ብሌን ነው» ትላለች እታለም ሳትስቅ፤ «የልብሱ ብል ያንቺው ነው፤ ቀበቶው ከቀን ወደ ቀን ሲጠበው እያየሁ አይደል?»

አናጢው ራሱ ነገሩን ስለወደደው በሩን ሲያንኳኳ «ብል መጣ!» ነበር የሚለው። ጸጉሩ ውስጥ ሁልጊዜ የእንጨት ፍቅፋቂ አይጠፋም። እታለም እያነጋገረችው ትለቅምለታለች።

ፊሽካም ቤታችን ይመጣ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቅበትን ቢጫ ጃኬት የሰፋችለት እታለም ናት። ስትለካው «እጅህን አንሳ» ብትለው በማሾፍ ሁለቱንም እግሩን ያነሳል። «እህቴ» ይላታል። እሷም ከስፒሏ መሐል «ይሄ ጅል» እያለች ትስቅለታለች። እኔ ጤና ጣቢያ ምን እንደምሠራ ግን አታውቅም፤ ኮምፒውተር እነካካለሁ ብያታለሁ። ያንን ስልክ የሚሰማው ጆሮ የማን እንደሆነ ለማንም እንዳይነገር ሲስተር አስምለውን ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለቀረጻ ብለን ግድግዳውን በብርድ ልብስ በሸፈንነው የፊሽካ ክፍል ውስጥ፣ የዕለቱን ጥያቄዎች ወደ ኮምፒውተሩ አስገብቼ ማዳመጥ ጀመርኩ። አንደኛው ልጅ ስለ ብጉር ጠየቀ። ሌላዋ ስለ ወር አበባዋ መዘግየት። ቀጥሎ የከፈትኩት ድምፅ ሲጀምር የስፌት መኪና ረገጣ ተሰማ። ረገጣው ቆመ። ከዚያ፦

«አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ ነበር። በፊት ከነበረኝ ሰው በሽታ ይዞኝ ነበር፤ የአባላዘር ነው አሉኝ። መድኃኒቱን ጨርሻለሁ፤ ተመርምሬም ድነሻል ብለውኛል። አሁን ብሌ የሚሆን ሰው አለ። ልንገረው ወይ? ብነግረው ይሄድብኛል። ባልነግረው ደግሞ እኔው ከራሴ እሄዳለሁ። ልጅስ እወልዳለሁ? ይሄን ነበር።»

«ብሌ» ባትል እንኳ አውቃት ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ፣ ስታመም ያባበለኝ፣ ስጠፋ በየመንገዱ የጠራኝ ድምፅ ነው። እጄ ማዳመጫው ላይ ቀረ። ድምፁ ግን በማዳመጫው ብቻ አልነበረም የወጣው፤ ገመዱን በደንብ አልሰካሁትም ኖሯል።

«ይቺማ…» አለ ፊሽካ ከኋላዬ።

ዞር አልኩ። አፉን በእጁ ይዟል።

«አትጨርሰው» አልኩት።

«ምን ሰማሁና? እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«ፊሽካ፣ ይሄ ነገር ከዚህ ክፍል ቢወጣ…»

«አክስቴ ትሙት!» ደረቱን መታ። «እህቴ አይደለችም እንዴ? ይሄን ጃኬት ማን ሰፋልኝ? አንተ ሰው፣ ለካ እንዲህ ነው የምትንቀኝ!»

ቅር ያለው መስሎኝ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። የማለባት አክስቱ ቀብር ላይ አብሬው መቆሜ ትዝ ያለኝ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ጥያቄዋን በማይታወቅ ሴት ድምፅ ደግሜ ቀረጽኩት። የስፒሉን «እ» ሁሉ ወደ «አ» መለስኩ፤ «ብሌ» ያለችውን «ባሌ» አልኩላት። እንደ እሷ ላለመናገር የለፋሁትን ያህል ማንንም ለመምሰል ለፍቼ አላውቅም። ሲስተር የማን እንደሆነ ሳያውቁ መለሱላት፦ «እህቴ፣ መድኃኒትሽን ጨርሰሽ መዳንሽ በምርመራ ከተረጋገጠ ድነሻል። ያለፈ በሽታ ስምሽ አይደለም። በጊዜ የታከመች ሴት ብዙውን ጊዜ ያለ ችግር ትወልዳለች፤ ስጋት ካለሽ ነይና እንይሽ። ከመጋባታችሁ በፊት ሁለታችሁም አብራችሁ ተመርመሩ። መንገሩ ጥሩ ነው። ቀኑንና ቃሉን የምትመርጪው ግን አንቺ ነሽ፤ ማንም አይቀድምሽም።»

የመጀመሪያውን ድምፅ ከስልኩም ከኮምፒውተሩም አጠፋሁት። ውሃ ልጠጣ በወጣሁበት ፊሽካ ወደ ራሱ ስልክ እንደገለበጠው የት አውቄ።

ቪዲዮው የወጣ ዕለት እታለም መኪናዋን አቁማ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ደጋግማ ስትሰማው፣ እኔ መጋረጃው ጀርባ መጽሐፍ የማነብ መስዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ መኪናው እንደ ልማዱ አልነበረም የሚረገጠው፤ የሚጨፍር ይመስል ነበር። ማታ እራት ስታቀርብልኝ ከንፈሯ ላይ ስፒል አልነበረም።

«እሑድ አናጢው ሲመጣ ትንሽ ወጣ በልልኝ» አለችኝ። «የማወራው ነገር አለኝ።»

«ምን?»

«አንተን ምን አገባህ? ቃሉን እየመረጥኩ ነው።» ፈገግ አለች። እኔም ምንም እንደማላውቅ ሁሉ ጥርሴን ብልጭ አድርጌ እንጀራዬን ጠቀለልኩ፤ ደስታዋ የሷ ብቻ ሆኖ እንዲቆይ ፈልጌ ነበር።

ቪዲዮውን ግን ብዙ ሰው አላየውም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሥራውን የሚደግፈው ድርጅት በየጤና ጣቢያው ካሉ ቪዲዮ ሠሪዎች መሐል አንዱን የዘመቻው ፊት አድርጎ ሊመርጥ ነበር፤ ፎቶው በየአውቶቡሱ ላይ ይለጠፋል ተብሏል። ፊሽካ እንቅልፍ አጣ።

«ያንተ ድምፅ ታጥቦ የተተኮሰ ነው» አለኝ አንድ ቀን። «ሰው የሚፈልገው የተጨማደደ ነው። እንደዚያ… እንደዚያ ቀን ዓይነት።»

«የትኛው ቀን?»

«ኧረ ምንም። እንዲያው ስቀባጥር ነው።»

ዐርብ ዕለት አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። መስኮቱን ተደግፌ፣ እንደ ልማዴ በሐሳብ ሌላ ዓለም ሄጃለሁ። ከኋላዬ ከተቀመጠች ልጅ ስልክ ፉጨት ተሰማ። ቀጥሎ አንዲት ጫጩት፣ «አሁን ብሌ የሚሆን ሰው አለ» አለች። ልጅቷ ሳቀች። ጎኗ ያለችውም «ብሌ! ድገሚው፣ ድገሚው» አለቻት።

ስልኬን አወጣሁ። ፊሽካ በራሱ ገጽ ላይ፣ ቢጫ ጃኬቱን ለብሶ፣ ዓይኑን እንባ አስመስሎ አርጥቦ፣ በእታለም ድምፅ ላይ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። «እውነተኛ ድምፅ፣ እውነተኛ ታሪክ» ይላል ከሥሩ። ሥሩ ያለውን የሰው አስተያየት ወደ ታች ገፋሁት። «ብሌ»፣ «ብሌ»፣ «ብሌ»፤ ሳቅ በሳቅ። ትንሽ ወረድ ስል አንዱ ድምፁን አወፍሮ መልሶ ለጥፎታል። ጠባቡን ልብስ አውልቆላታል። ከዚያ በታች አንዲት ሴት፣ «ይቺ ስፒል የነከሰች ሰው ናት። የኛ ሰፈር ልብስ ሰፊ አይደለችም እንዴ? ጃኬቱንስ የሰፋችው እሷ አይደለች?» ብላ ጽፋለች።

ከአውቶቡሱ የት ጋ እንደወረድኩ አላውቅም። የፊሽካን በር ስከፍተው እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ።

«በቀቀን! አየኸው? ፈነዳ እኮ!»

«አውርደው።»

«ምኑን?»

«አውርደው ነው የምልህ!»

«ቀስ በላ። አቅጥኜዋለሁ እኮ፤ ማን ያውቃታል?»

«ሲወፍር ምን እንደሚሆን አይተሃል። ሲስተር ፊት ቆመህ አይተሃል፤ ስቀሃል።»

ዝም አለ። ከተናገረው ሁሉ ይልቅ የገደለኝ ያ ዝምታው ነው። ረስቶት አልነበረም ማለት ነው።

«ስማኝ ወንድሜ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰልፍ ነበር። ለምርመራ! ልጃገረዶች! በሷ ድምፅ ነው የመጡት። እስከ ዛሬ በኔና ባንተ ቀልድ ማን መጣ? አንድ ሽማግሌ፣ ለካልሲ።»

እውነቱን መሆኑ ነው ያቃጠለኝ። ሰልፉን እኔም በአውቶቡሱ መስኮት አይቼዋለሁ።

«ብትጠይቃትስ ኖሮ?»

«እምቢ ትላለቻ!»

እንዲህ ነው ያለኝ፤ «እምቢ ትላለቻ»። የማይገባ ጥያቄ የጠየቅኩት ይመስል።

«ደግሞ አሁን ባወርደው ይብሳል» ቀጠለ። «'እውነት ባይሆን መቼ ያወርደው ነበር' ይላሉ። ቅጂው እንደሆነ በየሰዉ ስልክ ገብቷል።»

የጃኬቱን ኮሌታ አየሁ። እታለም ሁለት ጊዜ ፈትታ የሰፋችው ኮሌታ ነው፤ «አንገቱን እንዳይቆርጠው» ብላ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ። እኔስ ፈረሱን ያበላሁት ከእህቴ እጅ ነው።

ቤት ስደርስ አንዲት ደንበኛ የተቆረጠ ጨርቋን ሳይሰፋ በፌስታል ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ተላለፍን። ዓይኔን አላየችም። እታለም መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች፤ እግሯ መርገጫው ላይ ነው፣ ግን አይረግጥም።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ» አለች ሳትዞር። «ሰፈሩ ሰምቶ ሲጨርስ ነው እኔ የሰማሁት።»

«እታለም…»

«ያንን ስልክ የምትሰማው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ስትሰማኝ አወቅከኝ?»

«አዎ።»

«አውቀህ፣ እያበላሁህ እያጠጣሁህ፣ ዝም አልከኝ።»

«ምስጢር ነው፤ ለማንም አትናገሩ ተብለን…»

«ከማን ነው ምስጢሩ? ከእኔ?» አሁን ዞረች። «የራሴን ነገር ከእኔ ደብቀህ ለዚያ ጅል ሰጠኸው?»

«እኔ አልሰጠሁትም! ሰረቀኝ። ምሎልኝ ነበር።»

«እሺ፤ እኔ አመንኩህ እንበል። ይሄ ሰፈርስ?» እጇ ወደ ስፒል ቆርቆሮው ሄደ፤ መንገድ ላይ ተመለሰ። «እሑድ ልነግረው ነበር እኮ። ቃሉን መርጬ ጨርሼ ነበር። ሲስተሯ 'ማንም አይቀድምሽም' ብለውኝ ነበር። ያንን እንኳ አተረፋችሁልኝ?»

«አተረፋችሁልኝ» አለች። ከፊሽካ ጋር አንድ ላይ ቆጠረችኝ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሳትነሳ፣ ከቆርቆሮዋ ስፒሎች ወስጄ ወደ ሲስተር ሄድኩ። ላደርግ ያሰብኩትን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፊሽካን ከሥራው አስወጥቻለሁ» አሉ። «ድርጅቱም እንዲያውቅ አደርጋለሁ።»

«ምን ብለው? ድምፁ የማን ነበር ቢሉዎትስ?»

መነጽራቸውን በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉ።

«አንተ ያሰብከውን ብታደርግ ደግሞ» አሉ፣ «ከዛሬ በኋላ ይሄን ስልክ ማን ያምነዋል? ጥያቄዎቹ ሁሉ የፈጠራ ናቸው ይባላል። የሚመጣው ሰው ይቀራል።»

«ባላደርግስ፣ ሲስተር?»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ የራሳቸውን ወንበር ወደ ብርሃኑ ስበው አስቀመጡልኝና ወጡ፤ በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ስፒሎቹን በከንፈሬ ነከስኩ። ብረት ብረት ይላሉ። ዕድሜዋን ሙሉ ይሄን ጣዕም ይዛ ነው ለካ የምታወራኝ። ዓይኔን ጨፈንኩና እሷን ሆንኩ፦ ትንፋሿን፣ ቃል ከመጀመሯ በፊት የምትውጠውን ምራቅ፣ «ብሌ»ን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል ሳልስት ደገምኩት። ከዚያ ስፒሎቹን አውጥቼ በራሴ ድምፅ ተናገርኩ፦ «ይሄ እኔ ነኝ። ስትሳለቁበት የነበረው ድምፅ የእኔ ነው። እህቴ ስፒል ነክሳ ስታወራ እየሰማሁ በማስመሰል ነው ያደግኩት፤ ለጥያቄውም የሷን አነጋገር ያለ ፈቃዷ ወሰድኩት። ይቅርታዋን እለምናለሁ። እንዲህ ያለ ጭንቀት ያለበት ሰው ግን አለ። አትሳቁበት። ሄዳችሁ ተመርመሩ።»

ሰዉ አመነ። እንዴት ቶሎ እንዳመነ! ጨርቋን የወሰደችው ደንበኛ ከእኩለ ቀን በፊት ፌስታሏን ይዛ ተመለሰች። «አንተ ጉድ!» አለችኝ በሩ ላይ፤ «እኔ ደግሞ ከሳቁት ጋር ስቄ፣ ካዘኑት ጋር አዝኜ… ያሳደገችህን እህትህን እንዲህ ታደርጋታለህ? የምታስመስለው ሌላ ሰው አጥተህ ነው?» የሰፈር ጎረምሶች በመንገዱ ሳልፍ ከንፈራቸውን ገጥመው «ብሌ! ን እስቲ!» ይሉኛል። እሱ ምንም አይደል።

ማታውን ፊሽካ ቪዲዮ ለጠፈ። አፏጨ። ጃኬቱን አስተካከለ።

«አያችሁ አይደል?» አለ። «ከወንድሜ ከበቀቀን ጋር ተማክረን ያዘጋጀነው ነው። ሰው የሰውን ምስጢር ሲሰማ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚፈርድ ልናሳያችሁ ብለን ነው። ተፈተናችሁ፤ ወደቃችሁ!»

ሕዝቡ አጨበጨበለት። «ጥበብ!» አሉት፤ «ትምህርት!» አሉት። ድርጅቱም ሳምንት ሳይሞላ የዘመቻው ፊት እሱ እንዲሆን መረጠ። ውሸቱን ነው ብዬ አፌን ብከፍት ድምፁ የማን እንደነበር መናገሬ ነው። ለእህቴ ገመና ብዬ የሰፋሁትን ልብስ ቀድሞ ለብሶት ወጣ፤ ያውም ልክክ ብሎለት።

ሲስተር እንደፈሩት፣ የመሳቢያው ስልክ ዝም አለ። የዚያን ቅዳሜ አንድ መልእክት ብቻ መጣ፤ የልጆች ሳቅ ነበር።

እሑድ ጠዋት እታለም ከቆርቆሮዋ የጎደሉትን ስፒሎች መልሼ ሳስቀምጥ አየችኝ።

«ሰማሁህ» አለች። «ያ ድምፅ የራሴ መሆኑን እኔም ልጠራጠር ምንም አልቀረኝ።»

«እንግዲህ አለቀ፣ እታለም። ማንም አያውቅም።»

«አዎ፣ ማንም አያውቅም።» የተተኮሰውን ጨርቅ እንደገና አጠፈች። «አሁን ብነግረው ምን ይለኛል? 'እሱማ የወንድምሽ ቀልድ ነው' ነው የሚለኝ። ያ ጅል አፌን ነጠቀኝ። አንተ ደግሞ አፌን መለስክልኝና ቃሌን ወሰድክ።»

ሁሉንም ድምፅ አውቃለሁ፤ ለዚህ የሚሆን ግን አንድም አልነበረኝም።

«ብል መጣ!» አለ በሩ። አናጢው ጸጉሩ ውስጥ ፍቅፋቂ እንደያዘ ገባና ጀርባዬን በመዳፉ ነረተኝ።

«አንተ ጉደኛ! እኔን እንኳ እንቅልፍ ነስተኸኝ ነበር እኮ። 'እሷ ብትሆንስ?' እያልኩ ስገላበጥ…» ሳቀ። «ትናንት ያንተን ሳይ ነው እፎይ ያልኩት።»

እታለም ከንፈሯ ላይ ስፒል ነበር። «እፎይ» ሲል አየችው፤ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ እያወጣች ቆርቆሮው ውስጥ ጣለቻቸው። እያንዳንዱ ሲወድቅ ይሰማ ነበር። ክዳኑን ገጠመች።

«ውጣ» አለችኝ።

«እታለም፣ ግድ የለም እኮ፣ አሁን እኮ…»

«ውጣ አልኩህ። ይሄን አንተ አትሰማውም።»

ወጣሁ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት «አንተ» ብላ ስትጠራው ሰማኋት። «አ»ዋ ሙሉ ነበር፤ አፏን ከፍታ ያለችው «አ»። ቀጥሎ በሩ ተዘጋ።

ደጁ ላይ ቆምኩ። ከውስጥ መኪናው አይረገጥም፤ ሳቅም የለም። ከማዶው ሱቅ ውስጥ፣ ከማን ስልክ እንደሆነ እንጃ፣ ያ ፉጨት ተሰማ። ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ፤ አንዱን ለእሷ ብዬ፣ አንዱን ከእሱ ሸሽቼ።